የዘጠነኛ መ የመቀመጫ ካርታ

ሙዐዊያ ስም መጥራት የተወው በኅዳር ወር ነው። ሰንፎ አይደለም። በሸዋሮቢት ሙቀት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆሞ መቶ አሥራ ስምንት ስም መጥራትና መቶ አሥራ ስምንት «አቤት» መስማት ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። አንዱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ከተረፈው ላይ ዝም ለማሰኘት አምስት፣ ሰሌዳ ለማጥፋት ሁለት ደቂቃ ቀንሱ። ይህን ስሌት የሠራው እሱ ነው፤ የሒሳብ መምህር ነው። እኔ ዮርዳኖስ እባላለሁ፤ ለእነዚያው ልጆች ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ «ደከመኝ» ከማለት በቀር ስሌት አላውቅም።

ሙዐዊያን ካወቅሁት አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛችን አንድ ነው፤ አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ በታጠፈ የፈተና ወረቀት ደግፈን ይዘነዋል። የማጀቴ ከተማ ልጅ ነው። እሱ በተማረበት ጊዜ ክፍላቸው ውስጥ አርባ ሁለት ልጆች ነበሩ። የሒሳብ መምህራቸው ቁርሱን ሳይበላ የመጣውን ልጅ ፊቱን አይተው ያውቁት ነበር ይላል። «ሰሌዳ ላይ አውጥተውኝ መልሱ ከጠፋብኝ ‹ተቀመጥ፣ ነገ ትሠራዋለህ› ይሉኛል፤ በነጋታው ደግሞ አይረሱም» እያለ ሲያወራ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። መምህር የሆነው እንደ እሳቸው ለመሆን ብሎ ነው። ሰው ሲመኝ አይከፈልበትም።

እኔና እሱ እዚህ ትምህርት ቤት ስንመደብ በአንድ ክፍል ሃምሳ አራት ተማሪ ነበር። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «በዛ!» ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። ያ ንግግሬ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። አሁን ሃምሳ አራት ቢሰጡኝ እልል ብዬ ነው የምቀበል። ከዚያ ወዲህ አጣዬ ከተማ በግጭት ስትቃጠል ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ተጨመሩ፤ እነሱንማ ማን ጨክኖ ይመልሳል? ቀጥሎ ትምህርት በተቋረጠባቸው ጊዜያት ቤት የዋሉት ተደራርበው ተመዘገቡ። ልጁ ሲጨመር ክፍሉ አልተጨመረም፤ መምህሩም አልተጨመረም። ሙዐዊያ አምስት ክፍል ያስተምራል፤ ሲደመር አምስት መቶ ሰማንያ ስድስት ተማሪ ነው። ድምፁ ከጥቅምት አያልፍም። ኪሱ ውስጥ ዝንጅብል ይዞ ይዞራል፤ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆም ብሎ ያኝካል።

እኛ ትምህርት ቤት ቦታ መያዝ የሚባል ልማድ አለ። ከሙቀቱ የተነሳ ትምህርት የሚጀመረው ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ልጆቹ ግን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ይሰለፋሉ። በሩ ሲከፈት ሮጠው ገብተው የፊት ዴስክ ላይ ደብተር ያስቀምጣሉ። ደብተር የተቀመጠበት ቦታ ባለቤት አለው፤ ማንም አይነካውም። ጎን ለጎን ሦስት ዴስክ፣ ወደ ኋላ ዘጠኝ መስመር ነው። ለሦስት ሰው በተሠራው ዴስክ ላይ አራት አራት ሆነው ይታጨቃሉ። ከነዚያ ሁሉ ኋላ ደግሞ በብሎኬት ላይ ጣውላ ተጋድሞ አሥር ልጆች ይቀመጡበታል። ፊት ያለው ይሰማል፣ መሐል ያለው ይገምታል፣ ኋላ ያለው ከጎረቤቱ ደብተር ይገለብጣል። ስለዚህ መማር የቆረጠ ልጅ እንቅልፉን ይተዋል።

እንቅልፋቸውን ከተዉት አንዷ ፈሪሃ ሱሌይማን ነበረች። ከከተማው በታች፣ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ ቆላ መጥታ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ማሽላና ማሾ ያመርታሉ። ሕፃን ሳለች ጆሮዋ መግል ይዞ ቀኙ ጨርሶ ደንቁሮ ቀርቷል፤ በግራው ግን ደህና ትሰማለች። በሰፈሯ ትምህርት ቤት ሠላሳ ምናምን ልጆች ስለነበሩ ችግሯን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ መምህሩ ራሱ በግራዋ በኩል ቆሞ ያናግራት ነበር። እዚህ ስትመጣ ግን የሚያውቃት የለም። «ደንቆሮ» ብለው እንዳይስቁባት ለማንም ሳትናገር መላውን ራሷ አገኘች። ከሁሉ ቀድማ መጥታ ፊት ባለው መስመር በቀኝ በኩል ዳር ላይ ደብተሯን ታስቀምጣለች። እዚያ ስትቀመጥ ቀኟ ለመስኮቱ፣ ግራዋ ለመምህሩ ይሆናል። በመጀመሪያው የሒሳብ ሙከራ ፈተና ከአሥር ዘጠኝ አገኘች።

ከአባቷ ጋር ስምምነት ነበራቸው። ታላቅ እህቷ ነኢማ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ጅዳ ሄዳለች፤ ለፈሪሃም መንገዱ ክፍት ነው። እሷ ግን «መማር ነው የምፈልግ» ብላ አለቀሰች። አባቷ ጨካኝ ሰው አይደሉም። «እስከ ግማሽ ዓመቱ ካርድ ሞክሪ። ከሆነልሽ ቀጥይ፤ ካልሆነልሽ ግን ከተማ ውስጥ ብቻሽን አላስቀምጥሽም» አሏት። ፈሪሃ በጨለማ ተነስታ ትምህርት ቤት የምትሮጠው ይህን ይዛ ነው። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት በየካቲት ነው፤ ያን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን እያስተማርኳት ማን መሆኗን አላውቅም ነበር።

ወደ ሙዐዊያ ልመለስ። በኅዳር ያለፈውን ዓመት የባንክ ካላንደር ገልብጦ፣ በማስመሪያ እያሰመረ፣ የዘጠነኛ መ ክፍልን ሙሉ ንድፍ ሠራ። እያንዳንዱ መቀመጫ ሳጥን ሆነ፤ እያንዳንዱ ሳጥን ቁጥርና ስም አገኘ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሁሉም ሰው ቦታው ከታወቀ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ባዶ መቀመጫ ያየ የቀረውን ልጅ ያውቃል። ለሌላ «አቤት» የሚሉ አጭበርባሪዎችም ያርፋሉ። ደግሞ ልቡ ሩኅሩኅ ነውና «እነዚህ ልጆች ለመቀመጫ ብለው በጨለማ መሮጥ የለባቸውም፤ በተለይ ሴቶቹ» አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔም አጨበጨብኩለት።

ከዘጠነኛ መ ጋር የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የነበረው ሰኞ ጧት ነው። ገብቶ «ዛሬ የተቀመጣችሁበት ቦታ እስከ ሰኔ የእናንተ ነው። ከእንግዲህ መሮጥ የለም» አለና በየዴስኩ እየዞረ ስም ጻፈ። ስም ጽፎ ለመጨረስ ክፍለ ጊዜው ሙሉ አለቀ።

ሰኞ ጧት ግን ከሌላው ቀን ይለያል። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ዓርብ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ ሰኞ ማለዳ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁን ቤት አድርሰው እስኪመጡ የፊቱ ዴስክ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ሰኞ ሰኞ የኋላው መስመር የገጠር ልጆች ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማለቴ ብንጠየቅ መልሱ አይጠፋንም ነበር። ሙዐዊያ በዚያ ሰኞ በገዛ እጁ የገጠሩን ልጅ ሁሉ ለዓመቱ ከኋላ ተከለው። ለፈሪሃ የደረሳት በዘጠነኛው መስመር፣ በግራ በኩል ግድግዳው ጥግ ነው። ቁጥሯ መቶ ስምንት ሆነ። የሚሰማው ጆሮዋ ለግድግዳው፣ የማይሰማው ለመምህሩና ለክፍሉ ሁካታ ተሰጠ።

ካርታው በአንድ ሳምንት ዝናው ወጣ። ስም መጥራት ከዘጠኝ ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ወረደ። እኔም ገልብጬ በክፍሎቼ ሁሉ ተጠቀምኩበት፤ የእንግሊዝኛውም፣ የጂኦግራፊውም መምህር እንዲሁ። ከዚያ አንድ ሱፐርቫይዘር መጣ። መቶ አሥራ ስምንት ልጆች የሚተነፍሱበት ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ የተደነቀው በካርታው ነው። «ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው! ተቀምሮ መስፋፋት አለበት» አለ። ስለ ልጆቹ ብዛት ስንነግረው «እሱ በሂደት ይፈታል» ብሎ ጻፈልን። ሙዐዊያ በሰልፍ ላይ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ፈሪሃ ዝም አላለችም። ይህን ነገር ደጋግሜ የምናገረው፣ «ልጆቹ አይናገሩም» እያልን ራሳችንን ማጽናናት ስለምንወድ ነው። በዚያው ሳምንት ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በር ላይ ጠብቃ «ጋሼ» አለችው። ሃያ የሚሆኑ ልጆች ከብበውት ነበር፤ ገሚሱ ደብተር ይዘረጋል፣ ገሚሱ ፈቃድ ይጠይቃል። ጠመኔውን እየሰበሰበ «በኋላ» አላት። ቀጥሎ ሌላ ክፍል፣ ከዚያ በኋላም ሌላ ክፍል ነበረው። በነጋታው ለክፍሉ አለቃ ለሐይማኖት ነገረቻት። ሐይማኖት ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን ቦታ ልቀይር የሚላት ብዙ ነው፤ አንዱ ሙቀት፣ አንዷ ከጎኗ ካለው ጋር ጠብ፣ አንዱ ከጓደኛው ጋር መሆን። ሁሉንም በአንድ አፍ «ቦታ መቀየር የሚፈልጉ አሉ ቲቸር» ብላ አቀረበችው። ሙዐዊያም «ለአንድ ከፈቀድኩ ገበያ ይሆናል። ማንም አይቀይርም» ብሎ ለክፍሉ አወጀ። ፈሪሃ አዋጁን የሰማችው ከአጠገቧ ካለችው ልጅ ነው።

ሦስተኛውን በጽሑፍ አደረገችው። በታኅሣሥ የሚድ ፈተና ሲሰጥ፣ ወረቀቷ ጀርባ ላይ ለመምህሩ ጥቂት መስመር ጻፈችለት። እንዴት እንደምናርም ግን አታውቅም ነበር። አምስት መቶ ሰማንያ ስድስት ወረቀት ቁጭ ብሎ የሚያርም መምህር የለም። የምንሰጠው ምርጫ ብቻ ነው። ልጆቹ ወረቀት ይቀያየራሉ፤ እኛ «አንድ ሐ፣ ሁለት ሀ» እያልን እንጠራለን፤ እነሱ ያርማሉ። ከዚያ ላዩ ላይ የተጻፈውን ውጤት ብቻ ወደ ሮስተር ገልብጠን ወረቀቱን አስረን ቁም ሳጥን ውስጥ እንከታለን። የወረቀት ጀርባ ካየሁ ስንት ዓመቴ ነው!

ከዚያ በኋላ ከጎረቤቷ ደብተር እየገለበጠች ተማረች። ጎረቤቷም ከፊቷ ካለው ልጅ ነበር የምትገለብጠው፤ የመቀነስ ምልክት በመንገድ ላይ ይጠፋል፣ ስድስት ዜሮ ይሆናል። እኔም አንድ ቀን ስለ ሕዋስ እያስተማርኩ ካርታው ላይ ዓይኔ ያረፈበትን ቁጥር ጠራሁ፤ «መቶ ስምንት!» ዝም። «መቶ ስምንት፣ ተነሺ!» ጎረቤቷ ጎሸመቻት፤ ተነሳች፤ ጥያቄውን ግን አልሰማችውም። «ተቀመጪ፤ ነገ አንብበሽ ነይ» ብዬ ወደ ሌላ ቁጥር አለፍኩ። በነጋታው አንብባ መጥታ ይሁን አይሁን አልጠየቅኋትም። የሙዐዊያ መምህር ቢሆኑ አይረሱም ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ካርድ ሰጠን። ፈሪሃ በሒሳብ ሠላሳ ስምንት፣ በእኔ አርባ አንድ አመጣች። ከመቶ አሥራ ስምንት ልጆች መቶ አንደኛ ወጣች።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ዱላቸውን በር ላይ ያስደገፉ ሰው ወደ መምህራን ማረፊያው ገቡ። ሙዐዊያን ጠይቀው ጠረጴዛችን ድረስ መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም መምህር።»

«ወአለይኩሙ ሰላም፤ ይቀመጡ አባቴ።»

«ሱሌይማን እባላለሁ፤ የፈሪሃ አባት ነኝ። ከልጄ ጋር የተቀጣጠርነው ለዚህ ካርድ ነበር። ካርዱን አስነበብኩ፤ አላማረኝም። ግን እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ወረቀት ብቻ አይቼ አልፈርድባትም። አንቱ መምህሯ ነዎት። ልጄ ትምህርት ይገባታል ወይስ አይገባትም? አንቱ ‹ትማር› ካሉኝ ትማራለች፤ ‹ትግባ› ካሉኝም ይዣት እገባለሁ።»

ሙዐዊያ ሮስተሩን ሳበ። ዝንጅብሉን ከጉንጩ ወደ ጉንጩ አዛወረና «ቁጥሯ ስንት ነው?» አላቸው።

«ቁጥሯን እንኳ አላውቅ መምህር። ስሟ ፈሪሃ ነው።»

እኔ አንገቴን ደፍቼ ውጤት የምሞላ መሰልኩ። ሙዐዊያ ፊቱ ቀላ። ካርታውን ከጥቅልሉ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በጣቱ እየፈለገ ከመጨረሻው ጥግ አገኛት። «ይኸው፤ እዚህ ነው የምትቀመጠው» አላቸው። ጋሽ ሱሌይማን ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ማንበብ ባይችሉም የመሬት ድንበር ሲለካ ያየ ሰው ንድፍ አይጠፋውም።

«አንቱ የት ነው የሚቆሙ?»

«እዚህ፣ ሰሌዳው ጋ።»

«ይሄስ ግድግዳ ነው? በየት ጎኗ ነው ያለ?»

«በግራዋ።»

«የሚሰማላት እኮ ግራው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ቀኙ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደንቆሮ ነው። ይሄንንማ አንቱ ያውቃሉ ብዬ ነበር።»

ሙዐዊያ ልጅቷ የት እንዳለች ጠየቃቸው። ውጪ ዛፍ ሥር ቆማ ነበር፤ ተጠርታ ገባች። ቀጭን ናት፤ ቡናማ ሂጃብ ለብሳለች፤ ሰው ሲያናግራት ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ዘወር አድርጋ ግራ ጆሮዋን ትሰጣለች። ከመስከረም ጀምሮ ያስተማርኳትን ልጅ ፊት ደህና አድርጌ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አፈርኩ።

«ልጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ሙዐዊያ።

«ነግሬዎት ነበር ጋሼ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «‹በኋላ› አሉኝ። ለሐይማኖትም ነግሬያት ነበር። በኋላም የሚድ ወረቀቴ ላይ ጻፍኩልዎት።»

ሙዐዊያ ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የዘጠነኛ መ እሥር ከአቧራው ጋር ወጣ። ክሩን በጥርሱ በጠሰውና እየገለበጠ ፈለገ። ሲያገኘው ጮክ ብሎ አላነበበውም፤ ለእኔ ነው ያቀበለኝ። ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጥርት ያለ ጽሑፍ፤ «ጋሼ፣ ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም። ከፊት በቀኝ በኩል ቢያስቀምጡኝ እሰማለሁ። ፈሪሃ ሱሌይማን። ካልተቻለም ምንም አይደለም።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እኛ ሁለት ውሾች ከሁለት ወር በኋላ ወረቀት ይዘን ቆመን ነበር።

«ጋሽ ሱሌይማን፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ ሙዐዊያ። «ልጅዎን አላውቃትም። ይገባታል አይገባትም ብዬ ልመሰክር አልችልም። የጠፋው በእኔ ነው እንጂ በእሷ አይደለም። እስከ ሰኔ ይተዉልኝ። ከፊት አስቀምጣታለሁ።»

አባትየው ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ የወረቀቱን ክምር አዩ፤ ስንት ልጅ እንደሚያስተምርም ጠየቁት። ነገራቸው። «አላሁ አክበር» አሉ። ቀጥለውም «እንግዲያው እስከ ሰኔ። ይህን ያህል ሰው ተሸክመው የእኔን ልጅ ብቻ እንዲያዩ ማለቴም አይደለም። ድካም አበዛንብዎት መምህር፤ አይቀየሙን» አሉና ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

እኔ ለሙዐዊያ የሰጠሁት ምክር የሰነፍ ምክር ነው። «ዝም ብለህ ሰኞ ፊት ያለውን አንዱን ወደ ኋላ ላክና እሷን አምጣ፤ በቃ» አልኩት።

«የማንን ጆሮ እንደማስነሳ በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

ሰኞ ገባና ለእያንዳንዱ ልጅ ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት አደለ። «ለመስማትም፣ ለማየትም፣ በሌላ በምንም ምክንያት ከፊት መቀመጥ የግድ የሆነበት ይጻፍልኝ። ቁጥር ሳይሆን ስማችሁን ጻፉ» አላቸው። ሰበሰበ። ሃምሳ ሰባት ተጽፎበት ተመለሰ።

የምሳ ሰዓታችንን ለእሱ ሰጠነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ አነበብን። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ከጣውላው ላይ ብቻ ሰባት መጡ። ከጓደኛው ጋር መቀመጥ ፈልጎ በሽታ የፈጠረ ነበር፤ እንደነዚህ ያሉትን፣ ሐይማኖትንም ጠርተን እየጠየቅን፣ አሥራ ዘጠኝ ወረቀት ለየን። ሠላሳ ስምንት ቀረ። አንዷ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ከጣውላው ላይ ወድቃ ብሎኬት እንዳይመታት ትፈራለች። አንዱ ከአጣዬ የመጣ ልጅ ነው፤ ከኋላው ጫጫታ ሲበዛ ሰውነቱ እንደሚንቀጠቀጥ ጽፏል። ዘጠኙ አሁንም ፊት ያሉ ልጆች ናቸው፤ «እባክዎ ካለሁበት አያንሱኝ» ይላሉ፤ ምክንያታቸውንም ጽፈዋል። ሙዐዊያ «የማንን ጆሮ እንደማስነሳ በምን አውቃለሁ?» ማለቱ ልክ ነበር።

ፊት ያሉት ሁለት መስመሮች፣ አራት አራት ሆነው ተጣበው፣ ሃያ አራት ልጅ ይይዛሉ። ሠላሳ ስምንት ለሃያ አራት። እንደ ዳኛ ቁጭ ብለን የማን ዓይን ከማን ዓይን እንደሚብስ ተከራከርን። በየሳምንቱ ማፈራረቅንም አስበን ነበር፤ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ዓይኑ የሚበራለት ልጅ የለም። ርቦኝ ነበር፤ ሙቀቱ አናቴን ይዞታል። ሃያ ሦስቱን እንደምንም ተስማማንባቸው። አንድ ሳጥን ቀረ፤ የሁለት ልጆች ወረቀትም እጃችን ላይ ነበር።

አንደኛው የፈሪሃ ነው። ሁለተኛው ኑዕማን የሚባል ከጣውላው ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነው። «ከሦስተኛው መስመር እንኳ ሰሌዳው አይታየኝም። ሁለቱም ዓይኔ ነው። መነጽር የለኝም። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በጆሮዬ ብቻ ነው» ይላል። ሐይማኖትም እውነት ነው አለች፤ ደብተሩን አፍንጫው ጋ አስጠግቶ ነው የሚያነበው።

«ለኑዕማን ነው የሚገባ» አልኩ። «እሷን ሦስተኛው መስመር ላይ በቀኝ ዳር ብናስቀምጣት ትንሽ ትንሽ ትሰማለች። እሱ ግን ምንም አያይም።»

«ለአባቷ ቃል ገብቻለሁ።»

«እሱን አውቃለሁ። ግን ኑዕማን ይብሳል።»

ሙዐዊያ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አደረገ። ትንሽ ትንሽ የምትለዋ ቃሌ ለእኔም ጆሮ አላማረችም። ትንሽ ትንሽ እየሰማች ሰኔ ላይ ምን ዓይነት ካርድ ይዛ እንደምትገባ ሁለታችንም አሳምረን እናውቃለን፤ ያኔ ጅዳ ናት።

ደክሞኝ ስለነበር ክፉ ነገር ተናገርኩ። «እሷ የምትቀድመው የኑዕማን አባት ስላልመጣ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር።

«አዎ» አለኝ። «እሱ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ?»

በሃያ አራተኛው ሳጥን ውስጥ ፈሪሃ ሱሌይማን ብሎ ጻፈ። ካርታውን ጠቀለለ። ለሌሎቹ አሥራ ሦስት እኔ እንድነግራቸው ትቶልኝ የኑዕማንን ወረቀት ይዞ ተነሳ። «ለዚህ ልጅ ራሴ ነኝ የምነግረው» አለ። ደወሉ ሳይደወል እንዲደርስበት ቸኩሎ ወጣ። በመስኮቱ በኩል አየሁት፤ ጥላ ፍለጋ በየግድግዳው ሥር የተኮለኮሉትን ልጆች እያየ፣ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው እየሄደ፣ ግቢው መሐል ቆመ። የኑዕማንን መልክ አያውቀውም ነበር።